ባሕሩ የት ይሄዳል

ደባርቅ ስልክ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ድምፅዋን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልቧን ያወቀላት ግን አልነበረም። ስሟ የዓለምወርቅ ነው። ደብረ ታቦር ተወልዳ፣ አዲስ አበባ የስልክ ሥራ ተምራ፣ ደርግ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደባርቅ ተመደበች። በመጣች ማግስት ነፋሱ ነጠላዋን ገፎ አጥር ላይ ሰቀለባትና ያየ ሁሉ ሳቀ። ደባርቅ እንግዳውን የሚቀበለው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያበርደዋል፣ ቀጥሎ ይስቅበታል፣ ኋላ ግን ይለምደዋል።

የዓለምወርቅን ለመልመድ ግን ጊዜ ወሰደበት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያራቃት ሥራዋ ነው። የሰው ሁሉ ጉዳይ በጆሮዋ የሚያልፍ ሴት ናትና፣ አጠገቡ ስትደርስ ሰው ወሬውን ይቆርጣል። ገበያ ላይ እንደምን ዋልሽ ይሏታል፣ ደህና ትላለች፣ ያልፋሉ። እሷም ያልተወራላትን ወሬ ይዛ ቤቷ ትገባና ከራሷ ጋር ታመሻለች። ስልኩን ለሁሉም ታገናኛለች፤ ለእሷ የሚደውል ግን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እናቷ ሞታለች፣ ወንድሟ የት እንዳለ አይታወቅም።

የማዞሪያው ሰሌዳ ላይ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ከየቀዳዳው ሥር የአገር ስም ተጽፏል፤ ዳባት፣ ጎንደር፣ አዲ አርቃይ፣ አስመራ። የገመዱን ጫፍ ሰክቶ እጀታውን ያዞሩት እንደሆነ ማዶ ያለው ደወል ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መስመሩ ደህና ማደሩን መሞከር ደንብ ነው። ሙከራው ሁልጊዜም ከሁለት ቃል አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ግን የአስመራው ረዘም አለ።

«አስመራ፣ ደባርቅ ነኝ። ትሰሚኛለሽ?» አለች የዓለምወርቅ።

«እሰማሻለሁ ደባርቅ። ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ይዞሽ የለም እንዴ?» አለች ከማዶ ያለችው።

አገር ምድሩ ሳሏን ሲሰማ ሰንብቶ ምነው ያላት አልነበረም። የዓለምወርቅ እንባዋ መጣ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ የናንተ አገር ሰው ጉንፋንን በምን ያድነዋል ብላ ጠየቀች፣ ወዳጅነቱም በዚያ ተጀመረ።

የአስመራዋ ስም ለተብርሃን ነው፤ ለተ ይሏታል። ተወልዳ ያደገችው ምጽዋ ነው፤ እናቷ ያን ጊዜም እዚያው፣ ከባሕሩ አፍ ላይ ይኖሩ ነበር። አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛዋ ጣል ጣል ይላል፤ ደስ ሲላት «ሓፍተይ» ትላታለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ደዋይ ሲጠፋ ሁለቱ ይጨዋወታሉ። የስልክ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደ ሩፋኤል ከክፍላቸው ብቅ ይሉና መስመር እየሞከርሽ ነው አይደል ይሏታል። አዎ ትላለች። እንግዲያ በደንብ ሞክሪው ብለው ተመልሰው ይገባሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ የሰው ደግነት አንዳንዴ እንዳላዩ ማለፍ ነው።

የጉዞው ሐሳብ የተጠነሰሰው በስልሳ ስድስት ክረምት ነው። ጭጋጉ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖት፣ ከስልክ ቤቱ መስኮት ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር። ለተ በጨዋታ መሐል ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ አለቻት። የዓለምወርቅ ጣናን አይቻለሁ አለች።

«ጣና እኮ ይጠጣል» አለች ለተ እየሳቀች። «ማዶም አለው። የኛው አይጠጣም፣ ማዶም የለው። ነይና እዪው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱ ወሬ መንገድ ብቻ ሆነ። የዓለምወርቅ የዓመት ፈቃዷን ትወስዳለች፣ ሳምንት ሙሉ። ከደባርቅ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ሊማሊሞን ትወርዳለች፣ አዲ አርቃይ ምሳ፣ ተከዜን ተሻግሮ ማታ እንዳ ሥላሴ። በማግስቱ በአክሱም አድርጎ አስመራ። እስከ አስመራ ያለው መንገድ ያንቺ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ነው አለች ለተ። ትንሽ ፊያት መኪና አለቻት፤ ደግሞም ራሷ ናት የምትነዳት። የዓለምወርቅ ይህን ስትሰማ ለማንም አልተናገረችም፤ ደባርቅ ላይ ሴት መኪና ትነዳለች ብትል ያቺ ስልክ ቤት ያለችው ደግሞ መዋሸት ጀመረች ይሏት ነበር።

ከአስመራ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቀጥተኛ መንገድ ሌላ ነው። ለተ ግን በፍልፍል ደን በኩል ልትወስዳት አሰበች። እዚያ ያለው ዛፍ በጋና ክረምት አያውቅም ትላታለች። እናንተ ዘንድ ሳሩ ደርቆ አቧራ ሲነሣ እዚያ ይዘንባል፤ ዛፍ ከዛፍ ተቃቅፎ ፀሐይ አያስገባም፤ ጦጣው ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ መኪና ይቆጥራል። ከደኑ ሲወጡ ሜዳው ይሞቃል፣ ቀጥሎ ጨው ይሸታል፣ ያኔ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ግለጪ እስክልሽ እንዳትገልጪ።

በዚህ በፈቃዱ ሳምንት ላይ ተጣልተውም ያውቃሉ። ለተ ባሕሩ ዳር፣ ጉርጉሱም አሸዋው ላይ፣ ብዙ እንቆይ ትላለች። የዓለምወርቅ ደግሞ ደኑ ውስጥ እንደር አለች። ለምን ቢሏት ባሕር ትፈራለች፣ አላለችም እንጂ። እግሬን ነክሬ ብመለስ ይበቃኛል ነው የምትለው። አንድ ቀን ሙሉ ተኮራርፈው ዋሉ፤ በማግስቱ የጠዋት ሙከራ ላይ ለተ ድምፅዋን አለስልሳ፣ እሺ ሓፍተይ፣ ደኑም ይሁን፣ ባሕሩም ይሁን፣ እናቴ ግን ዓሣ ሳታበላሽ አትለቅሽም ብላ አስታረቀቻት።

ጊዜው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተስማሙ፤ ምጽዋ ሙቀቱ የሚበርደው፣ ደኑም ዝናብ የሚያገኘው ያኔ ነው። በመካከሉ መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሬዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፍ ሰልፍ አለ። አገር እንደ ቅል ሲናጥ ሁለቱ ስለ ጃንጥላ ያወሩ ነበር። የዓለምወርቅ ለፍልፍል ዝናብ ብላ ከዳባት ጥቁር ጃንጥላ አስመጣች፤ ለለተ እናት ደግሞ ከበየዳ ሰዎች የበግ ጠጉር ባና ገዛች። ወፍራም ብርድ ልብስ ለዚያ ለሙቀት አገር። ለተ ስትሰማ ሳቋን መግታት አቅቷት መስመሩን ለቀቀችባት።

ጃንጥላው ግን ደባርቅንም አስቋል። በጥር ጃንጥላ ምን ሊያደርግላት ነው አሉ። ከሁሉ የሳቁት እትዬ አልጣሽ ነበሩ። እትዬ አልጣሽ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከየዓለምወርቅ ቤት አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤት። ለዚች ለባዕዷ ሴት ከከተማው ሰው መጀመሪያ በር የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። የማርያም ጽዋ ማኅበር ያስገቧትም እሳቸው ናቸው።

ጽዋው በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ጋግራ ማኅበርተኛውን ታበላለች፣ ታጠጣለች፤ ሲያበቃ ጽዋው ለምትቀጥለው ይሰጣል። ለየዓለምወርቅ ደባርቅ ውስጥ ዘመድ ቢባል ይኸው ማኅበር ነበር። በወር አንድ ቀን ወሬ የማይቆረጥባት ቤት አገኘች። ተራዋም የሚደርሰው በየካቲት ስለነበረ ጉዞውን አይነካውም።

ታኅሣሥ ማርያም ዕለት ግን የጥሯ ተረኛ ወንድሟ ሞቶባት ሐዘን ተቀመጠች። የማኅበሩ ቄስ ተራዋ ይለፋት አሉ። ቀጥሎ ማን አለ ሲሉ የዓለምወርቅ ተባለ። እልል ተብሎ ጽዋው እጇ ላይ ተቀመጠ። የጥሯ ማርያም ደግሞ አስተርእዮ ናት፣ ዓመት የሚጠበቅባት ትልቅ በዓል። ጠላው ከተጠነሰሰ ጀምሮ ሰው አይለየውም፤ ከጥምቀት ማግስት ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው የማርያምን ጠላ ማን ይጠምቅለታል?

መፍትሔው አንድ ቃል ነበር። ከእሷ ቀጥለው ያሉት ተረኛ እትዬ አልጣሽ ናቸው። ተራ እንለዋወጥ ማለት በማኅበር ነውር የለውም፣ ሁሌም ይደረጋል። ጽዋውን እንደያዘች እትዬ አልጣሽን አየቻቸው፤ እትዬ አልጣሽም አዩዋት። ቃሉ ከአፏ ደርሶ ተመለሰ። መጤ ናት። የመጀመሪያ ጽዋዋ ነው። ገና ሳትቀበል ሸሸች ቢሉኝስ፣ የማርያምን ጽዋ ለሽርሽር ብላ ገፋች ቢሉኝስ አለች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። በዚያ ዓመት ደጃዝማችነት ለተናገረውም ላልተናገረውም ቀርቶ ነበርና፣ የዓለምወርቅም ዝም አለች።

ለለተ በማግስቱ ነገረቻት። በሁለት ሳምንት ቢገፋ ቅር ይልሻል ወይ አለቻት።

«ምን ቅር ይለኛል» አለች ለተ። «ባሕሩ የት ይሄዳል? አንቺ ብቻ ነይ።»

አስተርእዮ ማርያም ደረሰች። የየዓለምወርቅ ጠላ ጉሽ ሳይኖረው ጠርቶ ወረደ፣ ዳቦዋም አፍ ላይ ሟሟ። ማኅበርተኛው መረቃት፣ ቄሱ አንቺ እንግዲህ የኛ ነሽ አሏት። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፣ ሰው ሆንሁ አለች በልቧ። እትዬ አልጣሽ ጽዋውን ሲቀበሏት ግን ፊታቸው ፈካ አላለም። ደክሟቸው ይሆናል ብላ አሰበች።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን፣ ጃንጥላዋንና ባናውን ይዛ ወጣች። አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ስልክ ቤት ጎራ ብላ ለለተ ተነሥቻለሁ ልትላት ነበር። የአስመራውን ገመድ ሰክታ እጀታውን አዞረች። ዝም። ደግማ አዞረች። ማዶው እንደ ጉድጓድ ዝም አለ። አቶ ወልደ ሩፋኤል ከክፍላቸው ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አስመራ ጦርነት መነሣቱን፣ መስመሩ መቆረጡን ነገሯት። ከጎንደር የመጣው አውቶቡስም ደባርቅ ላይ ቆሞ ዋለና አፍንጫውን አዙሮ ተመለሰ። የዓለምወርቅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ አውቶቡሱ ዞሮ እስኪጠፋ አየችው።

ከብዙ ሳምንት በኋላ መስመሩ መጣ። ሮጣ ሰካችው። አስመራ፣ ደባርቅ ነኝ፣ ትሰሚኛለሽ አለች። የመለሰላት የወንድ ድምፅ ነው። ለተብርሃንን አለችው። በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ የለም፣ መስመሩ ለመንግሥት ሥራ ነው፣ ልቀቂ አላት። ከዚያ ወዲያ ደጋግማ ሞከረች፤ ድምፁ ይለዋወጣል፣ መልሱ አይለወጥም። ኋላም ከበላይ ትእዛዝ መጣና አቶ ወልደ ሩፋኤል የአስመራውን ቀዳዳ በቡሽ ደፈኑት። ሲደፍኑት ቀና ብለው አላዩዋትም።

ዓመታት ሄዱ። በሊማሊሞ የሚወርደው ወታደር የጫነ መኪና ብቻ ሆነ። ሌላው ሰው ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ጀመር። ከተማው በቀበሌ ስብሰባ፣ በዘመቻ፣ በተኩስ ተራ በተራ ታመሰ፤ ስሙ ተጠርቶ ያልተመለሰም ብዙ ነው። የዓለምወርቅ ሁሉንም ስታገናኝ ኖረች። ልጄ በሕይወት አለ ወይ የሚሉ እናቶችን አገናኘች። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ለትዳር ጠይቋት፣ ትንሽ ልቆይ ብላው፣ እሱ ሳይቆይላት ዳባት ላይ አገባ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዋን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ትሄዳለች። ቁልቁል መንገዱ እንደ ተጣለ መቀነት ገደሉ ላይ ተጠማዞ ይታያል። ከምድር የጠፋች አንዲት ድምፅ እንዴት እንደዚህ ትናፈቃለች እያለች ትቆማለች፣ ነፋሱ ሲበረታባት ትመለሳለች።

ጉዞውን ግን አልተወችውም። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ትወጣና ቤቷ ተቀምጣ መንገዱን ትሄደዋለች። የተከዜ ድልድይ ምን እንደሚመስል ከሹፌሮች ጠይቃለች፣ እንዳ ሥላሴ የትኛው ቤት ንጹሕ አልጋ እንዳለው ታውቃለች። ሄዳበት የማታውቀውን መንገድ ሄዶ ከመጣ ሰው ይልቅ ትናገረዋለች። አንድ ጊዜ ከምጽዋ የመጣ ቁስለኛ ወታደር ለእናቱ ሊደውል ገብቶ፣ ባሕሩ እንዴት ነው አለችው። ሙቀት ነው እህቴ፣ ሙቀቱን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም አላት። ያን ዕለት ራቷን አልበላችም። ጃንጥላዋ ግን ከነጨርቁ እንደ ተጠቀለለ ነው፤ የደባርቅ ዶፍ ሲወርድ እንኳ ነጠላዋን ተከናንባ ትሮጣለች እንጂ አትዘረጋውም።

ሰባ ስምንት ላይ እትዬ አልጣሽ ታመው አልጋ ያዙ። የዓለምወርቅ ከሥራ ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ነው የምታመሸው፤ ሾርባ ትሠራላቸዋለች፣ ጀርባቸውን ታሽላቸዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ስታስተካክል እጇን ያዙና፣ አንቺ የዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አሏት።

«ያን ዓመት፣ የጥር ማርያም ጽዋ የደረሰሽ ጊዜ፣ ምነው ተራ እንለዋወጥ ሳትዪኝ ቀረሽ?»

የዓለምወርቅ ደነገጠች። ከየት አመጡት አለቻቸው።

«እኔማ ጠብቄሽ ነበረ። መንገደኛ መሆንሽን አውቅ የለ፣ ጃንጥላሽን አይቼ። ዛሬ ትለኛለች፣ ነገ ትለኛለች እያልሁ ጥንስሴን ጣልሁ። ብቅሉም ተፈጭቶ፣ ጌሾውም ተወቅጦ፣ እንዲያው አንቺ አፍሽን ብትከፍቺ ብዬ።»

«ታዲያ እርስዎስ ለምን አላሉኝም?»

እትዬ አልጣሽ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «እንዴት ብዬ ልበልሽ? የመጀመሪያ ጽዋሽ ነው። ለኔ ተዪው ብልሽ፣ አስተርእዮን አትችልም ብለው ናቁኝ፣ ባዕድ ብለው ገፉኝ ትያለሽ አልሁ። ይከፋሻል አልሁ። ኋላማ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት እነግራታለሁ፣ ስትሄድ ስቄ እነግራታለሁ እያልሁ ይኸው እዚህ ደረስሁ።»

አንዷ ባዕድ ነኝ ብላ ዝም ብላለች፣ አንደኛዋ ባዕድ ናት ብላ ዝም ብላለች። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር የክንድ ያህል እንኳ አይረዝምም ነበር። የዓለምወርቅ ጠላው ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

«ምን ይሆናል» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ያለ ተራሽ ምን አስጠመቀሽ ይሉኛል ብዬ ለላሚቱ ሰጠኋት። ሁለት ቀን መቆም አቅቷት ሰነበተች።»

የዓለምወርቅ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ የዓለምወርቅ እያለቀሰች ነበር። ለለተ ያን ያህል ዓመት ያላለቀሰችውን አለቀሰችው። እትዬ አልጣሽ እጇን ይዘው ቆዩ፤ ይቅር በይኝ አላሉም፣ እሷም ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እንዲህ ላለው ነገር ማን ማንን ይቅር ይላል።

በማግስቱ ማለዳ ስልክ ቤት ገባች። አቶ ወልደ ሩፋኤል ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፣ አዲሱ ኃላፊም አርፍዶ ነው የሚመጣው። ዳባትን ሞከረች፣ ደህና አድሯል። ጎንደርን ሞከረች። ከዚያ እጇ ወደ አስመራው ቀዳዳ ሄደ። ቡሹ ከዕድሜ ብዛት ደርቆ ስለ ነበር በጥፍሯ ስትነካው ወጣ። ገመዱን ሰካች፣ እጀታውን አዞረች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አስመራ፣ ደባርቅ ነኝ» አለች። «ትሰሚኛለሽ? ተነሥቻለሁ። ጃንጥላውንም ይዣለሁ።»

ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ከበየዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዳባት ላለችው ልጃቸው ሊደውሉ ተራ ይጠብቁ ነበር። ለካ ቀድመዋት ገብተው ኖሯል። ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩና፣ ልጄ፣ ሰውየሽ ገባልሽ ወይ አሏት።

«ገና ነው አባቴ» አለች የዓለምወርቅ።

ይገባል፣ ይኸ ነፋስ እኮ ነው መስመሩን የያዘው አሉ ሽማግሌው። እሷም ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ከአስመራ ነቅላ ዳባት ላይ ሰካችው፣ አንድ አባት ከበየዳ መጥተዋል፣ ልጃቸውን ጥሩልኝ አለች።